ፊትና እንጀራ፦ ዶክተር ሱዛን ኖኤል

እኛ አገር ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ እሳት የጎዳው እጅ፣ ተሰንጥቆ የተወለደ ከንፈር፣ በቃጠሎ ጠባሳ ከደረት ጋር የተያያዘ አንገት። የውበት ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ግን ድምፃችን ይቀየራል። ከመካከላችን ወደዚያ የገቡት በየግብዣው “እናንተማ የሀብታም ሐኪም ናችሁ” እየተባሉ ይቀለድባቸዋል። ቀልዱ ምንም አይደለም፣ ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን የምር ነው። ያልታመመ ሰው ቆዳ መቅደድ ሕክምና ነው ወይ? ከመቶ ዓመት በፊት ለዚህ ጥያቄ በሥራዋ መልስ የሰጠች አንዲት የፓሪስ ሐኪም ነበረች፤ ሱዛን ኖኤል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የተወለደችው በ1878 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ላን በምትባል ከተማ ነው። በ19 ዓመቷ አንድ የቆዳ ሐኪም አገባች። ሕክምና ለመማር የተነሳችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዘመኑ ሕግ ደግሞ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር መጀመር አትችልም ነበር። የፓሪስ ሆስፒታሎችን የኢንተርን ፈተና በ1912 አለፈች። ያን ዓመት ታዋቂዋ ተዋናይት ሳራ በርናርድ አሜሪካ ፊቷን አስወጥራ መመለሷ ተወራ፤ ኖኤልም ይህን ስትሰማ መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ጉንጭ በጣቷ እየቆነጠጠች ማጥናት ጀመረች ይባላል።

እጇን ያሰለጠነው ግን መስታወቱ ሳይሆን ጦርነቱ ነው። መምህሯ ኢፖሊት ሞረስታን የማርቲኒክ ደሴት ተወላጅ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቫል ደ ግራስ በተባለው ወታደራዊ ሆስፒታል መንጋጋና አፍንጫ ያጡ ወታደሮችን ይጠግን ነበር። እሷም የፊት ቁስለኞችን በማከም ተሳትፋለች። ስለዚህ “እውነተኛው” እና “የቅንጦቱ” እያልን የምንለያያቸው ሁለቱ ሥራዎች የወጡት ከአንድ እጅ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የራሷን ታካሚዎች ቤቷ ውስጥ ትቀበል ጀመር። አሠራሯን ሳነብ ደስ የሚለኝ ትንሽነቱ ነው። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መጨረስ አትወድም። በጆሮ አካባቢና በፀጉር መስመር ላይ ጠባብ ቁራጭ ቆዳ ታወጣለች፣ ትሰፋለች፣ ጠባሳውን ፀጉር ይሸፍነዋል። የሚቀረውን በሌላ ቀጠሮ። ማደንዘዣው የሚወጋው ቦታው ላይ ብቻ ስለሆነ ታካሚዋ በዚያው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከመቁረጧ በፊት ለክታ በልክ ማውጫ ትስላለች፤ ፊትንም ቀድሞና በኋላ ፎቶ ታነሳለች። ዛሬ ፎቶው ለእኛ ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን ሐኪሙ ቃል የገባውን ከሠራው ጋር የሚያስተያይ ምስክር ነበር፤ ስንቱ ሐኪም እንዲህ ያለ ምስክር ይፈልግ እንደነበር እንጃ።

ሥራዋን በ1926 በመጽሐፍ አወጣችው፤ ርእሱም የውበት ቀዶ ሕክምናን ማኅበራዊ ሚና የሚመለከት ነው። “ማኅበራዊ” የምትለው ቃል ላይ ልቁም። እኛ ታሪክ ስንወስድ ሶሻል ሂስትሪ ምን ነበረች? “አታጨስም፣ አትጠጣም፣ የሁለት ልጆች እናት ናት” ብለን የምናልፋት አንድ መስመር። ለኖኤል ግን ዋናው ገጽ እሷ ነበረች። በምን ትተዳደሪያለሽ? ፊትሽ ሥራሽን ምን አደረገው? የሚመጡላት ሁሉ ባላባቶች አልነበሩም። ፊታቸው ስለተጨማደደ ሥራ የሚከለከሉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችም ነበሩባቸው። ለእነዚህ ፊት ማለት እንጀራ ነው። እንዲህ ሲታይ “አልታመመችም” የሚለው ቃል ብዙ አያስኬድም።

ትንሽ መቁረጧ ፈሪነት አልነበረም። በ1928 እዚያው ፓሪስ አንድ የታወቀ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ወጣት እግር እንዲቀጥን ብሎ ቀዶ ሕክምና አደረገላት፤ እግሩ ሞተና ተቆረጠ። በ1929 ፍርድ ቤቱ፣ ለመልክ ብቻ ተብሎ ጤነኛ አካል ላይ ከባድ አደጋ ያለው ቀዶ ጥገና መሥራት ራሱ ጥፋት ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው በኋላ ቢያለዝበውም የሙያው ሰዎች ተደናገጡ። እኔ ግን ፍርዱ ነጥቡን አግኝቶታል እላለሁ። ታካሚዋ ጤነኛ በሆነች ቁጥር ሐኪሙ አደጋ ላይ ሊጥላት ያለው መብት ይቀንሳል። የኖኤል ጠባብ ቁራጮች ይህን ከፍርድ ቤቱ ቀድመው ያወቁ ይመስላሉ።

ክርክሯ ግን ቀዳዳ አለው። አሠሪው አሮጊት አልቀጥርም ካለ፣ መታረም ያለበት አሠሪው ነው እንጂ የሴትዮዋ ጉንጭ ለምን ይቆረጣል? ይህን ጥያቄ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገል ሰው ናት፣ ድምፅ የማይሰጥ ግብር አይክፈል ትል ነበር። ሶሮፕቲሚስት የተባለውን የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር በ1924 ፓሪስ ላይ ስትመሠርት በዋናው የአውሮፓ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ግን ሕጉ እስኪለወጥ ሰኞ ጠዋት ሥራ ፍለጋ የምትወጣው ሴት ምን ትሁን? ኖኤል በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው ሰልፍ ይዛ ኖረች። ተቃርኖ ነው የሚል ይኖራል፤ ለእኔ የሐኪም ኑሮ ነው። የወባ ታካሚ ረግረጉ እስኪደርቅ ጠብቅ አይባልም።

የራሷ ኑሮ እንኳ አልተመቸም። የመጀመሪያ ባሏ በ1918፣ አንድ ልጇ በ1922፣ ሁለተኛ ባሏ በ1924 ሞቱ። እስከዚያ ሳትጨርሰው የቆየችውን የዶክትሬት ማዕረግ በማግሥቱ ዓመት፣ በ47 ዓመቷ ያዘች። በ1928 ፈረንሳይ የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ሸለመቻት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጌስታፖ የሚፈልጋቸውን ሰዎች መልክ ትቀይር እንደነበር ይነገራል፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከናዚ ካምፖች የተረፉ ሰዎችን ጠባሳ አክማለች። የፈረንሳይ ሴቶች በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ 67 ዓመቷ ነበር። ያረፈችው በ1954 ነው።