የአደን ፍላጻ ጫፍ፦ የብረቱ ጥንካሬና ስለቱ

የአደን ፍላጻ ጫፍ ከዘንጉ ፊት የሚሰካ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ስለት ያለው ብረት ነው። ፍላጻ እንስሳን የሚጥለው በዋናነት ደሙን በማፍሰስ ስለሆነ የጫፉ ሥራ ከመብሳት ይልቅ መቁረጥ ነው። የደም ሥር እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ የዶለዶመ ስለት ወደ ጎን ገፍቶት ያልፋል፣ አለዚያም ቀዶት ይሄዳል። የተቀደደ ሥር ደግሞ በጥሩ ስለት ከተቆረጠው ይልቅ ቶሎ ይኮማተራል፣ ደሙም ቶሎ ይረጋል። ከዚህ ሒሳብ ውጭ ያሉት መርዝ የሚቀቡ አዳኞች ናቸው፤ የኬንያ ዋታ አዳኞች ከምረንዝ ዛፍ ወገን ያወጡት የነበረው መርዝ ልብን ስለሚያቆም ፍላጻው መርዙን ሥጋ ውስጥ ካደረሰላቸው ይበቃ ነበር።

ዛሬ ጫፍ የሚሸጡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የሮክዌልን ቁጥር ነው። ሂውና ስታንሊ ሮክዌል በ1919 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኙበት መለኪያ በ«ሲ» ደረጃው ሾጣጣ አልማዝን በ150 ኪሎ ጫና ብረቱ ላይ ተጭኖ ምን ያህል እንደ ሰመጠ ያሰላል፤ የአንድ ነጥብ ልዩነት ማለት የ0.002 ሚሊሜትር የጥልቀት ልዩነት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ የሚነግረን ብረቱ ለጫና እንዴት እንደማይበገር እንጂ ስለታም መሆኑን አይደለም። 60 የደረሰ ብረት ዶልዱም ሊሆን ይችላል፤ 50 ላይ ያለው ደግሞ ጸጉር ሊላጭ ይችላል።

ጥንካሬ ዋጋ ያስከፍላል። ቀጥቃጩ ካርቦን ያለውን ብረት እስኪቀላ አግሎ ዘይት ውስጥ ሲነክረው እጅግ ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል፦ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ገጹ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ጥንካሬው 60 አካባቢ ይቆያል፤ 300 ገደማ ደርሶ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 55 ይወርዳል፣ በምትኩ መሰበርን ይቋቋማል። ጎድን የመታ ጫፍ ከልክ በላይ ከጠነከረ ይሸረፋል፣ ከለሰለሰ ስለቱ ይታጠፋል። ይህ አዲስ ጭንቀት አይደለም፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መባቻ በእንግሊዝ የወጣው የሄንሪ አራተኛ ሕግ የፍላጻ ጫፎች ነጥባቸው በአረብ ብረት እንዲጠነክር፣ ሠሪውም ምልክቱን እንዲያኖርበት ያዝዝ ነበር።

«ፍላጻ የሚቆርጠው አንዴ ነው፣ ታዲያ ጥንካሬ ለምኑ?» የሚል ይኖራል። ሆኖም በዚያች አንዴ ውስጥ ስለቱ አቧራ ያዘለ ጸጉር፣ ቆዳና አጥንት አልፎ ነው ሳንባ የሚደርሰው፤ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ መንገድ ላይ ይደንዛል። በ50ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ያለው ጥንካሬ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ከብረት ዱቄት የሚሠሩት አዳዲስ ቅይጦች ከ58 በላይ ሆነውም በቀላሉ አይሰበሩም። እውነት ነው። ግን ጥሩ ሞረድ ራሱ ከ62 እስከ 65 ገደማ ነው፤ 52 ላይ ያለውን ብረት ይነክሳል፣ 60 ላይ ግን ይንሸራተታል። ሞረድ ብቻ የያዘ አዳኝ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለውን ጫፍ በቀላሉ ማደስ አይችልም።

መሳሉም ማዕዘንን ይጠይቃል። በአንድ ወገን ብቻ የሚሞረደው ጫፍ ብዙውን ጊዜ 25 ዲግሪ ነው፤ በሁለቱም ወገን 20 የተሞረደው ጠቅላላ 40 ይሆናል፣ አጥንት ይችላል፣ ግን ሲቆርጥ ይከብዳል። ሞረዱ በአንዱ ወገን ሲያልፍ በሌላው ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዘው ቀጭን የብረት ክር ይቀራል፤ ብዙ ሰው ያንን ሻካራነት ስለት ይመስለዋል። ክሩ በደቃቅ ድንጋይ ካልተነሳና ቆዳ ላይ ካልተጠረገ የመጀመሪያው ጸጉር ላይ ይታጠፋል። ጫፍ የሚገዛ ሰው የሮክዌሉን ቁጥር ከሰማ በኋላ ማዕዘኑን ይጠይቅ፣ ከዚያም የራሱን ሞረድ አንዴ ያሳርፍበት።