ብርሃንን የሚቀድም ይገኝ ይሆን?

በክረምት ወራት በዋግ ተራሮች ላይ መብረቅ ብልጭ ሲል ብርሃኑ ወዲያው ይታየናል፤ ነጎድጓዱ ግን ዘግይቶ ይሰማል። ከጥንት ሊቃውንትም ብዙዎቹ ብርሃን ለመንገዱ ምንም ጊዜ አይወስድም ብለው ያምኑ ነበር። በ1676 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦሌ ሮመር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ የጁፒተርን ጨረቃ ግርዶሽ ተመልክቶ፣ ብርሃን ለጉዞው ጊዜ የሚፈጅ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ ፍጥነቱ በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ታውቋል።

በ1905 አልበርት አይንስታይን ክብደት ያለው ማናቸውም ነገር የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት እንደማይችል የሚያስረዳውን ትምህርት አወጣ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር፣ ይበልጥ ለማፋጠን የሚያስፈልገው ኃይል እየበዛ ሄዶ ወሰን ያጣልና። ብርሃንን የሚቀድም መልእክት ቢኖር ኖሮ፣ ለአንዳንድ ተመልካቾች ውጤቱ ከምክንያቱ በፊት፣ ማለት አዝመራው ከዘሩ በፊት፣ በታየ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ሕግ የሚያፈርስ የሚመስል ነገር ከሰማይ ይወርዳል። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። የሙዮን አማካይ ዕድሜ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮን ክፍል 2.2 ያህሉ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚሄደው 660 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ሙዮኖች እስከ ሰቆጣ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ እስከ ባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ። ታዲያ ብርሃንን ቀድመው ነውን? አይደለም። ብሩኖ ሮሲና ዴቪድ ሆል በ1941 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ ተራራ ላይና ከተራራው በታች ቅንጣቶቹን ቆጥረው፣ እጅግ የሚፈጥነው ቅንጣት ዕድሜው የሚረዝም መሆኑን አሳዩ፤ ይህም የአይንስታይን ትምህርት አስቀድሞ የተናገረው ነው።

በ2011 ደግሞ የኦፔራ ምርምር ሊቃውንት፣ ከጄኔቭ አጠገብ ተነሥተው በመሬት ውስጥ 730 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ኢጣልያ ውስጥ ግራን ሳሶ የደረሱ፣ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ብርሃንን የቀደሙ የሚያስመስል ውጤት አገኙ። ብልጫው ከሰከንድ ቢሊዮን ክፍል 60 ያህሉ ነበር። ሊቃውንቱ ውጤቱን አልደበቁትም፤ ሌሎችም እንዲመረምሩት ለዓለም ገለጡት። በ2012 ብርሃን የሚያስተላልፍ አንድ ገመድ በሚገባ ያልተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ሲታረምም ብልጫው ጠፋ።

እንግዲህ ሕጉ እስከ ዛሬ የጸናው ማንም ስላልደፈረው ሳይሆን፣ ደጋግሞ ተፈትኖ ስላለፈ ነው። በተዘረጋ መዳፋችን ላይ በየሰከንዱ አንድ ያህል ሙዮን ያልፋል፤ ከፍ ባለ ደጋ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ስለዚህ እኛ የደጋ ተማሪዎች የተነገረንን ሁሉ ከመቀበላችንም ሆነ ከመጣላችን በፊት፣ መዝነንና ቆጥረን መመርመርን እንልመድ።