የአቢ መስመር እና የባቡር ምልልስ ይጨመር ዘመቻ

የአቢ መስመር በእንግሊዝ አገር በሃርትፎርድሺር አውራጃ የሚገኝ፣ የዋትፎርድንና የሴንት ኦልባንስን ከተሞች የሚያገናኝ አጭር የከተማ ዳርቻ የባቡር መስመር ነው። ርዝመቱ 10.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ባለ አንድ ሐዲድ ነው። ባቡሩ ለብዙ ዓመታት በሥራ ቀናት በየ45 ደቂቃው ብቻ ይነሳ ስለነበር፣ ነዋሪዎችና ተሳፋሪዎች ምልልሱ በየ30 ደቂቃው እንዲሆን ሲጠይቁ ቆይተዋል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን የያዘው አንድ ነገር ነው፤ በመስመሩ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ቦታ የለም። በዚህም ምክንያት የአቢ መስመር፣ በትናንሽ የባቡር መስመሮች ላይ ምልልስ ለመጨመር የሚደረግ ዘመቻ ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ያሳያል።

ስያሜና አቀማመጥ

መስመሩ ስሙን ያገኘው በሴንት ኦልባንስ ካለው ጥንታዊ ገዳም ነው። «አቢ» ማለት በእንግሊዝኛ ገዳም ማለት ነው። ከተማዋ ራሷ የምትጠራው በብሪታንያ የመጀመሪያው ክርስቲያን ሰማዕት እንደሆነ በሚነገርለት በቅዱስ አልባን ስም ሲሆን፣ የቀድሞው የገዳም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ካቴድራል ነው። በአካባቢው ነዋሪዎች ዘንድ ባቡሩ «አቢ ፍላየር» በሚል የቁልምጫ ስምም ይታወቃል።

በመስመሩ ላይ ሰባት ጣቢያዎች አሉ። እነሱም ከደቡብ ወደ ሰሜን ዋትፎርድ ጀንክሽን፣ ዋትፎርድ ኖርዝ፣ ጋርስተን፣ ብሪኬት ውድ፣ ሃው ውድ፣ ፓርክ ስትሪት እና ሴንት ኦልባንስ አቢ ናቸው። ዋትፎርድ ጀንክሽን ከለንደን ዩስተን ወደ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ በሚሄደው ዋና መስመር ላይ የሚገኝ ትልቅ ጣቢያ ነው። የአቢ መስመር ባቡር የሚነሳው ከዚህ ጣቢያ 11ኛ መድረክ ነው።

ሴንት ኦልባንስ ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሏት። ሴንት ኦልባንስ ሲቲ የሚባለው ጣቢያ ወደ ለንደን የሚሄዱ ፈጣንና ተደጋጋሚ ባቡሮች የሚያልፉበት ነው። ሁለቱን ጣቢያዎች በቀጥታ የሚያገናኝ ሐዲድ ስለሌለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የሚፈልግ ሰው ከተማውን በእግር ወይም በአውቶቡስ ያቋርጣል። ስለዚህ የአቢ መስመር ዋና አገልግሎት በሁለቱ ከተሞችና በመካከላቸው ባሉት መንደሮች መካከል የሚደረግ ጉዞ፣ እንዲሁም በዋትፎርድ በኩል ከዋናው መስመር ጋር መገናኘት ነው።

ታሪክ

መስመሩን የሠራው የለንደንና ሰሜን ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ሲሆን፣ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1858 ነው። ባቡር ሴንት ኦልባንስን የረገጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መስመር ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 የሚድላንድ ኩባንያ ዋና መስመር በከተማዋ ሲያልፍ የለንደን ተጓዦች ወደ አዲሱ ጣቢያ አዘነበሉ፤ የአቢ መስመርም የአካባቢ መስመር ሆኖ ቀረ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመስመሩ ዳር የመኖሪያ ሰፈሮች ሲስፋፉ ጣቢያዎች ተጨመሩ። ጋርስተን እ.ኤ.አ. በ1966፣ ሃው ውድ ደግሞ በ1988 ተከፈቱ። በዚያው በ1988 መስመሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ተዘረጋለት፤ ባቡሮቹም ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ የ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ይሠራሉ።

የመስመሩን ዕድል በእጅጉ የወሰነው ለውጥ ግን የተደረገው ቀደም ብሎ ነው። በብሪኬት ውድ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ተጨማሪ ሐዲድ ነበር። ይህ መተላለፊያ ሐዲድ በ1960ዎቹ ተነሳ። በዚያ ዘመን የብሪታንያ ባቡሮች ከፍተኛ ኪሳራ ላይ ስለነበሩ ትናንሽ መስመሮች ይዘጉ፣ የተረፉትም በተቻለ መጠን ወጪያቸው እንዲቀንስ ይደረግ ነበር። ተጨማሪ ሐዲድ፣ የሐዲድ መቀያየሪያና የምልክት መብራት ጥገና ስለሚጠይቁ ማንሳቱ ገንዘብ ያድናል። የምልልሱ ጣሪያም አብሮ ዝቅ አለ።

ለምን በየ45 ደቂቃው?

ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ 16 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ደርሶ መልስ 32 ደቂቃ ማለት ነው። በዚህ ላይ በየጫፉ ተሳፋሪ ለማውረድና ለመጫን፣ ነጂው ከአንዱ የባቡሩ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድና ትንሽ መዘግየትን ለማካካስ ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ባቡር በ30 ደቂቃ ውስጥ ደርሶ መመለስ አይችልም፤ 45 ደቂቃ ግን ይበቃዋል።

ሁለተኛ ባቡር መጨመርም መፍትሔ አይሆንም። ሐዲዱ አንድ ስለሆነና መተላለፊያ ስለሌለው፣ አንዱ ባቡር በመስመሩ ላይ እያለ ሌላው መግባት አይችልም። በመሆኑም ኩባንያው ተጨማሪ ባቡርና ነጂ ቢኖረው እንኳ ምልልሱ አይጨምርም። አንዱ ባቡር ሲበላሽም መስመሩ በሙሉ ይቆማል።

በተሳፋሪው ላይ ያለው ጫና

የጊዜ ሰሌዳ ሳያይ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው የምልልሱን ግማሽ ነው። ባቡሩ በየ45 ደቂቃው ሲነሳ አማካዩ 22 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ይህም ከጉዞው ከራሱ ይበልጣል። ምልልሱ በየ30 ደቂቃው ቢሆን አማካዩ ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ባቡር ያመለጠው ሰው ደግሞ ሌላ 45 ደቂቃ ይቆማል።

ሁለተኛው ችግር ሰሌዳውን በቃል መያዝ አለመቻሉ ነው። የመጀመሪያው ባቡር ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ቢነሳ፣ ቀጣዩ በ45ኛው ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ30ኛው፣ አራተኛው በ15ኛው ደቂቃ ላይ ይነሳል። ሰሌዳው ወደ መጀመሪያው ደቂቃ የሚመለሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በዋናው መስመር ላይ ያሉ ባቡሮች ግን በአብዛኛው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ይነሳሉ። ስለዚህ በዋትፎርድ ጀንክሽን ባቡር የሚቀይር ተሳፋሪ በአንዱ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲጠብቅ፣ በሌላው ሰዓት ብዙ ይጠብቃል።

ይህ ሁኔታ ራሱን የሚያጠናክር አዙሪት ይፈጥራል። ባቡሩ በብዛት ስለማይመጣ መኪና ያለው ሰው በመኪናው ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ለመስመሩ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም ይባላል። ኤም1 እና ኤም25 የተባሉት አውራ ጎዳናዎች በአካባቢው ስለሚያልፉ የመኪናው አማራጭ ቅርብ ነው። ጫናው ይበልጥ የሚከብደው መኪና በሌላቸው ላይ ነው። ተማሪዎች፣ አረጋውያንና በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ቀናቸውን በሰሌዳው ልክ መቁረጥ ይኖርባቸዋል።

የዘመቻው አካሄድ

የተሳፋሪዎችን ጥያቄ ይዞ የሚንቀሳቀሰው ዋናው አካል የአቢ ፍላየር ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። በብሪታንያ እንዲህ ያሉ የመስመር ተጠቃሚዎች ማኅበራት ብዙ ናቸው። አባሎቻቸው በአብዛኛው በፈቃደኝነት የሚሠሩ ተሳፋሪዎች ሲሆኑ፣ ሬልፊውቸር የተባለው አገር አቀፍ ማኅበርም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሳል።

የማኅበራቱ የተለመዱ ሥራዎች ተሳፋሪ መቁጠር፣ የተሰረዙና የዘገዩ ባቡሮችን መመዝገብ፣ በሰሌዳ ለውጥ ላይ አስተያየት ማቅረብ፣ ከባቡር ኩባንያው ጋር መሰብሰብና ለፓርላማ አባላት መጻፍ ናቸው። ከባዱ ነገር ውሳኔው በአንድ እጅ አለመሆኑ ነው። ሐዲዱና ምልክቶቹ የኔትወርክ ሬል ናቸው፤ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ኩባንያ ነው፤ የአገልግሎቱን መጠንና ድጎማውን የሚወስነው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው፤ የአካባቢውን የመሬት አጠቃቀምና የአውቶቡስ አገልግሎት የሚመለከቱት ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። አንዱ ቢስማማ ሌላው ገንዘብ ላይኖረው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 መስመሩ «የኅብረተሰብ ባቡር» ተብሎ ተሰየመ። ይህ አሠራር የአካባቢ ምክር ቤትን፣ የባቡር ኩባንያንና ተጠቃሚዎችን በአንድ ላይ የሚያሰባስብ ነው። መስመሩን ለማስተዋወቅና ጣቢያዎችን ለመንከባከብ ቢረዳም፣ ስያሜው ብቻውን አዲስ ሐዲድ አያስገኝም።

የብሪኬት ውድ መተላለፊያ

የዘመቻው ዋና ጥያቄ በብሪኬት ውድ የነበረው መተላለፊያ ሐዲድ እንዲመለስ ነው። ብሪኬት ውድ ከሰባቱ ጣቢያዎች አራተኛው ስለሆነ በመስመሩ መካከል ላይ ይገኛል፤ ይህም ለመተላለፊያ የሚመች ቦታ ያደርገዋል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንደኛው ባቡር ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ከዋትፎርድ ይነሳል፣ በ16ኛው ደቂቃ ሴንት ኦልባንስ ይደርሳል፣ በ30ኛው ደቂቃ ተነስቶ በ46ኛው ደቂቃ ዋትፎርድ ይመለሳል። ሁለተኛው ባቡር ደግሞ በ30ኛው ደቂቃ ከዋትፎርድ ይነሳል። ሁለቱ በ38ኛው ደቂቃ አካባቢ ብሪኬት ውድ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ባቡር ዙሩን በ60 ደቂቃ ሲጨርስ፣ ተሳፋሪው በየ30 ደቂቃው ባቡር ያገኛል፤ ሰሌዳውም በየሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ጉዳቱም አለ። አንዱ ባቡር ቢዘገይ ሌላው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይገደዳል። ከዚህም በላይ ሐዲዱን መዘርጋት፣ ምልክት መትከል፣ ሁለተኛ መድረክና አካል ጉዳተኞች የሚሻገሩበት መንገድ ማዘጋጀት፣ ተጨማሪ ባቡርና ነጂዎችን በየዓመቱ መክፈል ያስፈልጋል። ተቃዋሚዎች ይህ ሁሉ ወጪ ለአጭር መስመር አያዋጣም ሲሉ፣ ደጋፊዎች ደግሞ የተሳፋሪው ቁጥር የሚለካው በደካማ አገልግሎት ላይ ስለሆነ እውነተኛውን ፍላጎት አያሳይም ይላሉ።

የትራም ዕቅድ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሎርድ አዶኒስ መስመሩን ወደ ትራም የመቀየር ዕቅድ አስታወቁ። በዕቅዱ መሠረት የሃርትፎርድሺር ምክር ቤት መስመሩን ተረክቦ ቀለል ያሉ ተሽከርካሪዎች በብዛት እንዲመላለሱበት ያደርግ ነበር። ሆኖም መስመሩን ከአገር አቀፉ የባቡር መረብ የማውጣቱ ሥራ ውስብስብ ሆነ፤ ዕቅዱም በ2013 ቀረ።

የፔንሪን ተሞክሮ

ደጋፊዎች ሊጠቅሷቸው ከሚችሉ ምሳሌዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል ያለው የትሩሮ–ፋልመዝ መስመር ነው። ይህም ባለ አንድ ሐዲድ ሲሆን ባቡሩ በየሰዓቱ ገደማ ብቻ ይመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በፔንሪን ጣቢያ መተላለፊያ ሐዲድ ተሠርቶ ምልልሱ በየ30 ደቂቃው ሆነ። ወጪው 7.8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ ከፍተኛውን ድርሻ የሸፈነው የአውሮፓ ክልላዊ ልማት ፈንድ ነው፤ የኮርንዎል ምክር ቤትና ኔትወርክ ሬልም አዋጥተዋል። ሁለተኛ መድረክና ድልድይ ላለመሥራት ሲባል ነባሩ መድረክ እንዲረዝም ተደርጎ፣ ሁለቱ ባቡሮች በአንዱ መድረክ የተለያዩ ጫፎች ላይ ይቆማሉ። ከለውጡ በኋላ የተሳፋሪው ቁጥር ጨምሯል።

ሆኖም ሁለቱ መስመሮች አንድ አይደሉም። የፋልመዝ መስመር ከአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ያገኘው ኮርንዎል ለድጋፍ ከተመረጡ ክልሎች አንዱ ስለነበረ ነው። ሃርትፎርድሺር ግን በለንደን ዙሪያ ካሉ የበለጸጉ አካባቢዎች የሚቆጠር በመሆኑ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም።

የገንዘብ ጉዳይ ከ2020 ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪታንያ መንግሥት የተዘጉ መስመሮችንና ጣቢያዎችን ለመመለስ 500 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበበት መርሐ ግብር ጀመረ። ይህም በመላው እንግሊዝና ዌልስ ለሚገኙ የአካባቢ ዘመቻዎች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። መርሐ ግብሩ ግን በሐምሌ 2024 በአዲሱ መንግሥት የወጪ ቅነሳ ተሰረዘ።

በዚያው ጊዜ ውስጥ የኮሮና ወረርሽኝ የጉዞ ልማድን ስለለወጠ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሰው ቁጥር ቀንሶ የባቡር ገቢ ተዳክሟል። የአቢ መስመር ጥያቄም በዚህ ሁሉ መካከል ቀጥሏል። እንደ ደጋፊዎቹ አባባል፣ አንድ አጭር ተጨማሪ ሐዲድ መስመሩን ሰዎች ሰሌዳ ሳያዩ የሚጠቀሙበት አገልግሎት ሊያደርገው ይችላል።