ገድል እና የሥራ ታሪክ፦ የሁለት ሙዚቀኞች ሕይወት እንዴት ይዘከራል?

መግቢያ

የሙዚቃ ሰው ሲያርፍ ወይም ሽልማት ሲቀበል የሚጻፈው የዝክር ጽሑፍ በአማርኛ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ ወደመሆን ተቃርቧል። ዘርፉ የታወቀ ቅርጽ አለው። መጀመሪያ የትውልድ ስፍራና የቤተሰብ ማንነት ይነገራል፤ ቀጥሎ በልጅነት የታየው ልዩ ተሰጥኦ ይወሳል፤ ከዚያ ፈተና ይመጣል፤ በመጨረሻም ክብርና ምስጋና ይከተላል። ይህ ቅርጽ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ከገድላቱ የምናውቀው የልደት፣ የጥሪ፣ የተጋድሎና የቃል ኪዳን ቅደም ተከተል ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅርጽ የሙዚቀኞችን ሕይወት ስንጽፍበት ምን እንደሚያሳየንና ምን እንደሚሸፍንብን መመርመር ነው። ለዚህም ሁለት ሴቶችን በምሳሌነት እንወስዳለን። አንደኛዋ አሜሪካዊቷ የክላሲካል ሙዚቃ ድምፃዊት ማሪያን አንደርሰን ናት። ሁለተኛዋ ኢትዮጵያዊቷ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የድርሰት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ የአንድ ከያኒ የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንዲት ተማሪ እማሆይ ጽጌ ማርያምን መረጠች። ጽሑፏ ጥሩ ነበር፤ ቋንቋው የጠራ፣ አካሄዱም የተስተካከለ። ለንደን ሄደው እንዳይማሩ የተከለከሉበትን ሁኔታ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋ፣ ክልከላው ለበለጠ ክብር ያበቃቸው በረከት እንደነበር ጻፈች። እኔም ከፍተኛ ነጥብ ሰጠኋት። ከወራት በኋላ ያንኑ ወረቀት እንደገና ሳነበው፣ በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን እንደተቀበረ አስተዋልኩ። ነጥቡን የሰጠሁት ታሪኩ ስለተመረመረ ሳይሆን ቅርጹ ስለተሟላ ነበር።

ማሪያን አንደርሰን፦ ከሕዝብ አደባባይ ወደ ኦፔራ መድረክ

ማሪያን አንደርሰን በ1897 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደች። ድምፅዋ ኮንትራልቶ የሚባለው፣ ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ዝቅ ያለውና ወፍራሙ ነው። የመጀመሪያ መድረኳ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበር፤ ለትምህርቷም ገንዘብ ያዋጡላት ምእመናኑ ናቸው። በከተማዋ የነበረ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አልቀበልም ስላላት በግል መምህራን ዘንድ ተማረች። በ1925 በውድድር አሸንፋ ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የመዘመር ዕድል አገኘች። ይሁን እንጂ በአገሯ የተከፈተላት በር ጠባብ ስለነበር በ1930ዎቹ ዝናዋን ያተረፈችው በአውሮፓ ነው።

ስለ እርሷ በሚጻፍ ማናቸውም ዝክር ውስጥ የማይቀር አንድ ቀን አለ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1939። የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች የተባለው ማኅበር በዋሽንግተን የሚገኘውን ኮንስቲቲዩሽን አዳራሽ ጥቁር በመሆኗ ከለከላት። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ከማኅበሩ አባልነት ለቀቁ። ኮንሰርቱም በፋሲካ ዕለት በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ፣ በ75,000 ያህል ሕዝብ ፊት ተካሄደ።

ይህ ትዕይንት በእርግጥ ታላቅ ነው። ነገር ግን ሰዎች በዚያ ቀን ማን እንደከለከላትና ስንት ሰው እንደተሰበሰበ ሲናገሩ፣ ምን እንደዘመረች የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። አገሯን የሚያወድሰውን መዝሙር አስቀደመች፤ ከጣሊያናዊው ዶኒዜቲ ኦፔራ አንድ አሪያ፣ ከሹበርት ደግሞ አቬ ማሪያን አስከተለች፤ ከዚያም የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ መዝሙሮች ዘመረች። የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ራሱ ሐሳብ ያለው ነው። የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃና የባሪያ ልጆች መዝሙር በአንድ መድረክ፣ በእኩል ጥንቃቄ አቅርባለች። በፒያኖ ያጀባት ፊንላንዳዊው ኮስቲ ቬሃነንም ከእርሷ ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነበር፤ በዝክሮች ውስጥ ግን ስሙ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው የድል ቀን ጥር 7 ቀን 1955 ነው። በዚያን ቀን ማሪያን አንደርሰን በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ በቨርዲ ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ የጠንቋይዋን የኡልሪካን ሚና ተጫወተች። በዚያ መድረክ የብቸኛ ዘፋኝ ሚና የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ዕድሜዋ 57 ነበር። የገድሉ ቅርጽ ይህን የድል ፍጻሜ አድርጎ ይቀበለዋል። የሥራ ታሪክ ግን ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ከ1925ቱ የውድድር ድል እስከዚያች ሌሊት 30 ዓመት አልፏል። የዘፋኝ ድምፅ ደግሞ እንደ ደራሲ ብዕር አይደለም፤ የሰውነት አካል ነውና ያረጃል። እነዚያ 30 ዓመታት በኦፔራ መድረክ ላይ ሊሰሙ ይችሉ የነበሩ ሚናዎችን ይዘው ሄደዋል። ስለዚህ 1955 ድል ብቻ ሳይሆን የዕዳ መዝገብም ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ ከካይሮ እስከ ግሸን

የእማሆይ የመጀመሪያ ስም የውብዳር ሲሆን፣ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በአውሮፓ የተማሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም በዚያ ጀመሩ። በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ከነበረው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፣ አራት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ እንደነበር ይታወቃል። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለጎዳው ግን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ መምህራቸውም አብሮ መጥቶ የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ።

ከዚህ በኋላ ነው ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ የመማር ዕድል ያገኙት፤ ለመሄድ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። ከሐዘናቸው ብዛት ምግብ እምቢ ብለው ለሞት ተቃርበው ነበር። ከዚያም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ለ10 ዓመት ያህልም በዚያ በባዶ እግራቸው ኖሩ።

እንግዲህ ገድሉ ከዚህ ላይ በቀላሉ ይቀጥላል። ዓለምን የናቀች ድንግል፣ ተራራ፣ ጾም፣ ጸሎት፣ በመጨረሻም ዝና። እሳቸው ራሳቸው የሆነውን ሁሉ ለፈጣሪ ፈቃድ እንደሰጡት የታወቀ ነው። ይህን እምነታቸውን ማክበር ተገቢ ነው፤ ለመረዳት የሚሻም የሙዚቃቸውን መንፈስ ያለ እርሱ አያገኘውም። ነገር ግን የባለታሪኩ ይቅርታና የታሪክ ጸሐፊው ዝምታ አንድ አይደሉም። የተበደለ ሰው በደሉን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ይችላል፤ መብቱም ነው። ጸሐፊው ግን በእሳቸው ስም ይቅር የማለት ሥልጣን የለውም። አንዲት በቀን ዘጠኝ ሰዓት የምትሠራ ወጣት ሙዚቀኛ ትምህርቷን እንዳትቀጥል ተደረገች ብሎ መጻፍ ምናኔያቸውን አያሳንስም። እንዲያውም ምን ትተው እንደሄዱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ምናኔው የሙዚቃቸው መጨረሻ አልሆነም። በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ለእነርሱ መርጃ ገንዘብ ለማግኘት ሙዚቃቸውን ለማስቀረጽ ወሰኑ፤ የመጀመሪያው ሸክላም በ1967 በጀርመን ወጣ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 በፈረንሳይ የሚታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ለእሳቸው ሥራ ሲሰጥ፣ ዓለም ስማቸውን ሰማ። ያኔ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በ2013 እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትስ የኖታ ሥራዎቻቸውን ሰብስባ በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገች። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ሥራው ራሱ ምን ይላል?

እስካሁን በተነሡት ሁለት ሕይወቶች ውስጥ ገድሉ የሚሸፍነው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ሥራው ነው። የእማሆይን የፒያኖ ሥራዎች በጥሞና ላዳመጠ፣ ግራ እጅ የአውሮፓን ቫልስ በሚያስታውስ አካሄድ ሲጓዝ፣ ቀኝ እጅ በአምስት ድምፅ ቅኝታችን ላይ እየተንሳፈፈ ዜማውን ያስጌጣል። ምቱ እንደ ሜትሮኖም አይቆጠርም፤ እንደ መሪጌታ ዜማ ይስባል፣ ይዘገያል፣ ይመለሳል። ከስዊዘርላንድና ከካይሮ የተገኘው ትምህርትና ከጎንደር የተገኘው ጥናት ተጣምረው የሚሰሙት በዚህ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ ተአምር ብቻ ተብሎ ከታለፈ የመምህራኑ፣ የልምምዱና የምርጫው ድርሻ ይጠፋል።

ለሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን አንድ ነገር መጠቆም ይገባል። እኅታቸውን ስንዱ ገብሩን እናውቃቸዋለን፤ የልቤ መጽሐፍ ደራሲ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ ቤት አድገው፣ በአንድ አገር ተምረው፣ በአንድ ደሴት ታስረዋል። አንደኛዋ ያንን ዘመን በቃላት፣ ሁለተኛዋ በድምፅ አስቀርተውታል። ሆኖም ስንዱን በሥነ ጽሑፍ ታሪክ፣ እማሆይን በዜና ዕረፍት ብቻ እናነባቸዋለን። የአንድ ዘመን የተማሩ ሴቶች ታሪክ በሁለት መደርደሪያ ተከፍሎ እስካለ ድረስ ሙሉ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሐተታ የዝክር ጽሑፍ ይቅር አይልም። ማመስገን የቆየ ባህላችን ነው፤ ምስጋና የነፈገ ትውልድም ተተኪ አያፈራም። የሚጠየቀው ምስጋናው ዕውቀት እንዲኖረው ነው። ስለዚህ የሙዚቀኛን ሕይወት የሚጽፍ ተማሪ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ ይመከራል። አንደኛ፣ ማን አስተማራት፣ በምን መሣሪያ፣ በቀን ስንት ሰዓት? ሁለተኛ፣ ምን ዘመረች ወይም ምን ተጫወተች፣ ማንስ አጀባት? ሦስተኛ፣ በሩን ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ፣ የተዘጋውስ ስንት ዓመት ቆየ?

ማሪያን አንደርሰን 57 ዓመቷ ላይ፣ እማሆይ ከ80 ዓመታቸው በኋላ የተሰጣቸው ክብር እውነተኛ ነበር፤ የዘገየ መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ።

ያችን ተማሪ ከተመረቀች በኋላ አግኝቻት ስለ ወረቀቷ አነሣሁላት። ነጥቡን መለወጥ እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እርሷ ግን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥታ በምትኩ ሦስት ገጽ ለመጻፍ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የእኔም ምኞት በየክፍላችን እንዲህ ያሉ ሦስት ገጾች እንዲበዙ ነው።