924 ጊልማን፦ መጠጥ የማይሸጥበት የሙዚቃ ቤት

በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሚኖሩባት ኦክላንድ አጠገብ፣ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ፣ በመንገዱ ስምና በቤቱ ቁጥር "924 ጊልማን" ተብሎ የሚጠራ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አልኮል አይሸጥበትም፤ በማንኛውም ዕድሜ የሚገኝ ሰው ይገባበታል። በሩን የከፈተው በአውሮፓውያኑ 1986 የመጨረሻ ምሽት ነው።

የአልኮል ክልከላው ከሥነ ምግባር ትምህርት ይልቅ ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ አልኮል ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ግድ ይላል። ብዙ የሙዚቃ ክበቦች ደግሞ የሚኖሩት ከመጠጥ ሽያጭ በሚገኝ ገቢ በመሆኑ፣ ዕድሜው ያልደረሰን ታዳሚ ከበር ይመልሳሉ። የ16 ዓመት ልጅ ባንድ ቢያቋቁም እንኳ እኩዮቹ መጥተው የሚሰሙት ቦታ አያገኝም። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው፣ "ማክሲመም ሮክንሮል" የተሰኘውን የፐንክ ሙዚቃ መጽሔት የመሠረተው ቲም ዮሃናን እና አጋሮቹ መጠጡን አስወግደው በሩን ለሁሉም ከፈቱ።

ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመጠጥ ገቢ ከሌለ ደመወዝ አይኖርም። ትኬት የሚቆርጠው፣ ድምፅ የሚያስተካክለው፣ ጠብ የሚያበርደውና ወለል የሚጠርገው ሁሉ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በምትኩ ዝግጅቱን በነጻ ያያል። የአባልነት ክፍያው ለረጅም ዓመታት በዓመት 2 ዶላር ብቻ ነበር። ዓመፅን፣ ዘረኝነትንና የፆታ መድልዎን የሚከለክሉት ደንቦች በግድግዳው ላይ በትልልቁ ተጽፈዋል። በ1988 ዮሃናን ቤቱን ዘግቶት ነበር፤ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ከፈቱት። አዳራሹ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳልቆመ የታየው ያኔ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያከራከረው ደንብ ከግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር የተፈራረሙ ባንዶች እንዳይጫወቱ የሚከለክለው ነው። በዚህ መድረክ ያደገው ግሪን ዴይ በ1993 ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም፣ ጊልማን በሩን ዘጋበት። በቀጣዩ ዓመት ያወጣው "ዱኪ" የተሰኘው አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። በሩን የመዝጋቱ ውሳኔ ለብዙዎች ጭካኔ መስሎ ይታያል። ይሁንና ዝነኛ ባንድ በመጣ ቁጥር መድረኩን የሚያጣው ገና ሦስት ዘፈን ብቻ ያለው የሰፈር ባንድ መሆኑን ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያውቁ ነበር። ግሪን ዴይ ወደዚያ መድረክ የተመለሰው በ2015 ነው፤ ያም በእሳት አደጋ ለተጎዳው ኤኬ ፕሬስ ለተባለ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከመንገዱ ማዶ ፒራሚድ የተሰኘ ሰፊ የቢራ መጥመቂያና መጠጥ ቤት ተከፍቶ ነበር። በ2012 ተዘጋ። 924 ጊልማን ግን ከዚያ በኋላም ሥራውን ቀጠለ።