ቋሊማና የይፋት መንገድ

በአዲስ አበባ ሆቴሎች ለቁርስ ከእንቁላል ጋር ቋሊማ ሲቀርብልን፥ ብዙዎቻችን መብሉን ከነስሙ ከፈረንጅ አገር የመጣ አድርገን እንቆጥረዋለን። ይህ አሳባችን እኩሌታው እውነት ነው፤ በሳሕኑ ላይ ያለው የጀርመንን ወይም የኢጣልያን ሙያ የተከተለ ሊሆን ይችላልና። ስሙ ግን የራሳችን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰውም ነገሩን ሳያውቀው አልሰየመውም።

ወደ ሐረር ብንወርድ የዚህኑ መብል ወንድም ዋቃሊም ሲሉት እንሰማለን። የሁለቱን ስሞች ዝምድና ለመጠርጠር የቋንቋ ሊቅ መሆን አያሻም። የሐረር ባለሙያዎች ቀዩን የከብት ሥጋ ከስቡ ለይተው ያደቅቁታል፤ በጨውና በቅመም ያሹታል፤ ከዚያም ተፍቆ በታጠበ ቀጭን አንጀት ሞልተው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል። ጭሱ ከውጭ ያደርቀዋል፤ ውስጡም ቀስ እያለ ይብላላል። የዘመናችን ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፥ እርጎን ከሚያረጋው ወገን የሆነ ባክቴሪያ በሥጋው ውስጥ አሲድ እያበዛ አበላሺዎቹን ተሐዋስያን ያዳክማል። እናቶቻችን ይህን ሳይማሩት ሠርተውበታል።

ታዲያ በአማርኛና በሐረር ቋንቋ ስሙ እንዲህ የተቀራረበው እንዴት ነው? እኛ ወደ ይፋት እናመለክታለን። መንገደኛ ከጣርማ በር ወርዶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚቀበለው ሙቀት፥ ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው የጥንት ነጋዴ ያውቀው የነበረው ሙቀት ነው። በ1277 ዓ.ም. የሸዋን ሱልጣኔት የያዙት ወላስማዎች መንግሥታቸውን በይፋት አጸኑ። በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሰብረ ዲንን ድል ካደረጉ በኋላ ግን ኀይላቸው እየዋለ እያደረ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ የአዳል መናገሻም በ1512 ዓ.ም. ሐረር ሆነ። የአርጎባ ሕዝብ እስከ ዛሬ በይፋት ዳገቶችና በሐረር አጠገብ ተከፍሎ መገኘቱ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ሕዝብ ሲሰደድ ምድጃውን ትቶ አይሄድም።

መንገዱም አልተዘጋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረር ነጋዴዎች በአልዩ አምባ ገበያ ይገናኙ ነበር፤ ሥጋ ያለ እርሱ የማይሰነብተው ጨውም ከአፋር ቆላ በግመል እየተጫነ በዚያው ይወጣ ነበር። ከቆላ የሚመጣውን እንግዳ የሚቀበሉት የይፋት አበጋዝ ወላስማ መሐመድ፥ የጥንቱን ስም እንደ ማዕርግ ይዘው ነበር።

በዚህ መንገድ በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ገባ፤ እስከ 1834 ዓ.ም. ድረስም በሸዋ ቆየ። የተወለደው በቩርተምበርግ፥ ማለት ቋሊማ የዕለት መብል በሆነበት አገር ነው። በዚያ ገበሬው አሳማውን በክረምቱ ብርድ አርዶ፥ ሥጋውን በአንጀት ይሞላና በጭስ ያቆያል። በእኛ ዘንድ አሳማን ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካውም፤ ብርዱም የለንም። አንጀቱ፥ ጨውና ጭሱ ግን አንድ ናቸው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለወፍራም ሥጋ ጊዜ ስለማይሰጥ፥ የቆላው ሰው ሥጋውን በቀጭኑ ዘልዝሎ፥ ጨውና በርበሬ ነስቶ ቋንጣ ያደርገዋል። ቋንጣ የፀሐይና የነፋስ ሥራ ነው፤ ቋሊማ ግን ትዕግሥትና የምድጃ ጠባቂ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ከቤታችን የራቀው በዚህ ይመስለናል።

አሁን ቋሊማ የሚለውን ስም የፋብሪካ ዕቃ ወርሶታል። ከይፋት ወጥታችሁ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎች፥ ለዕረፍት ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁልን፤ አንጀቱ በምን ይታጠብ ነበር? ቅመሙ ምን ምን ነበር? ከምድጃው በላይስ ስንት ቀን ይሰነብት ነበር? የሚነግሯችሁንም በነገሩበት ቃል ጻፉት።