ከሐረር የስልክ ሽቦ እስከ ጀልባ ሬዲዮ፦ ጥሪውን ማን ይሰማዋል?

ሐረር ባሕር የላትም። የጀጎል በሮች ግን ለዘመናት ከዘይላ ወደብ የሚመጡና ወደዚያ የሚወርዱ ነጋዴዎችን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ራስ መኮንን ሐረርን ሲያስተዳድሩ፣ ከከተማዋ እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም መስመር ተዘረጋ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረ መልእክት በደቂቃዎች መድረስ ጀመረ። ችግሩ ግን ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መስመሩ ዝም ይላል። ለሚንቀሳቀስ ጀልባ ደግሞ ሽቦ ጭራሽ አይሆንም።

መፍትሔው የመጣው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ያለ ሽቦ መልእክት የሚልክበትን ዘዴ ለማስመዝገብ እንግሊዝ አገር አመለከተ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰዎች የተረፉት ካርፓቲያ የተባለች መርከብ የሬዲዮ ጥሪዋን ሰምታ ስለደረሰች ነው። ከካርፓቲያ ይልቅ ቅርብ የነበረችው ካሊፎርኒያንም ሬዲዮ ነበራት፤ ሠራተኛው ግን መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። አያችሁ? መሣሪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።

እስቲ ለትንሽ ጀልባ እንምረጥ። ሞባይል ከየብስ ራቅ ሲል ኔትወርክ ያጣል፤ ውኃ ከገባበትም አለቀለት። ቪኤችኤፍ የሚባለው የባሕር ሬዲዮ በአንድ ጊዜ በአካባቢው ያሉ ጀልባዎች ሁሉ ይሰሙታል፤ የአደጋ ጥሪው ቻናል 16 ነው። ሞገዱ ግን የምድርን ጉብታ ተሻግሮ ብዙ አይሄድም። የሁለት ጀልባዎች አንቴና 2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የሚደማመጡት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። የጠረፉ አንቴና 100 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ከዚያ ለሚርቅ በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ የአደጋ ጠቋሚ አለ፤ ድምፅ አያስተላልፍም፣ ጀልባዋ የት እንዳለች ግን ይናገራል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በኤፕሪል 2024 ብቻ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው በርካቶች ሞተዋል። መሣሪያ ብቻውን ከመጠን በላይ የተጫነ ጀልባን ከመስጠም አያድንም። ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ያኔ የሚጠቅመው ቦታውን የሚናገር ምልክትና ነቅቶ የሚጠብቅ ጆሮ ነው። የሐረርም ሽቦ ቢሆን ጥቅም የሰጠው ወዲያ ማዶ የሚያነሳው ሰው ስለነበረ ነው።